በፕላስተር የተጠቀለለው ጆይስቲክ

አንድ የጌም ቤት ባለቤት ነበር። ስሙ መርዕድ ይባላል። ብዙ አይናገርም። ደንበኞቹ ሲጯጯሁ ጥግ ተቀምጦ ያያል፤ ሲጣሉ ተነስቶ ማሽኑን ያጠፋል፤ ሲታረቁ መልሶ ያበራል። ስለ ልጅነቱ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ቃል ነው። "አለፈ" ይላል።

እንዲህ ዝምተኛ ሆኖ ሳለ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ለማወቅ ወደ እሱ ይመጣ ነበር። በዚያ ዘመን ነበልባል፣ አድማስ እና ጎጆ የሚባሉ ሦስት የጌም ማሽን ሠሪዎች ነበሩ። ሦስቱም በየዓመቱ በአንድ ትልቅ የንግድ ትርኢት ላይ አዲሱን ማሽናቸውን ይዘው ይቀርባሉ። ትርኢቱ ሲቃረብ በየጌም ቤቱ ክርክር ይነሳል። ዘንድሮ ሰውን አጀብ የሚያሰኘው የቱ ነው? መርዕድ የሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ስም ይጠራል። የጠራው ሳይሆን ቀርቶ አያውቅም።

"በምን ታውቃለህ?" ይሉታል።

"እኔ ያደግኩት በተበላሸ ጆይስቲክ ነው። ጥሩውን ከሩቅ እለየዋለሁ።"

ይህን የሚለው ያለ ምክንያት አልነበረም። መርዕድ ወደዚያች ከተማ የመጣው ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። የሚቀበለው ዘመድ አልነበረውም። መናኸሪያ የሽንኩርት ጆንያ ተሸክሞ ያድራል። አንድ የክረምት ቀን ዝናቡ ሲበረታበት ከአንድ ጌም ቤት በር ላይ ተጠግቶ ቆመ። የቤቱ ባለቤት ጋሽ ባዩ ከውስጥ አዩት።

"ግባ" አሉት።

"ብር የለኝም።"

"ብር አለህ ወይ ብዬሃለሁ? በሩን ዘጋኸው እኮ ነው የምልህ። ወይ ግባ፣ ወይ ውጣ።"

ገባ። የቤቱ ደንብ አጭር ነበር፤ ያሸነፈ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ይነሳል። ጆይስቲክ ላይ ግን ሁልጊዜ ጠብ ነው። የዚህኛው ቁልፍ ተጭኖ ይቀራል፣ የዚያኛው ገመድ ይላቀቃል እየተባለ፣ ደህናውን ለመያዝ ሰው ከማለዳ ይሰለፋል። ማንም የማይነካው አንድ ብቻ ነበር። ከላይ እስከ ታች በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ ግድግዳው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። "አንካሳው" ይሉታል።

ጋሽ ባዩ አንካሳውን አውርደው ለመርዕድ ሰጡት።

"ይኼ ወደ ግራ ይስባል። ለተበላሸ እቃ ደግሞ አላስከፍልም። ከፈለግክ ተጫወት፣ ካልፈለግክ መልሰህ ስቀለው።"

ተጫወተ። ተሸንፎም ተነሳ። በማግስቱ መጣ፣ በሳልስቱም መጣ። ቀስ በቀስ ማሸነፍ ጀመረ። ሲሸነፍ "ምን ላድርግ፣ አንካሳው ነው" ይላል፤ ሲያሸንፍ "ያውም በአንካሳው" ይላል። መናኸሪያ ውስጥ "አንተ ተሸካሚ" እየተባለ የሚጠራው ልጅ እዚያ ቤት ሲገባ "ቆይ፣ ተራው የመርዕድ ነው" የሚለው ሰው አገኘ። ለሌላው ሰው ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ለእሱ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚጠራበት ስም ከዚህ ሌላ አልነበረውም።

ጋሽ ባዩ ሲያረጁና ዓይናቸው ሲደክም የቤቱን ቁልፍ ለእሱ ሰጡት። መርዕድ ቤቱን ቀባ፣ ወንበሩን ለወጠ። አንካሳውን ግን ከሚስማሩ ላይ አላነሳውም። እንግዳ ሲመጣ በአገጩ ያመለክታል። "በዚያ ነው ያደግኩት" ይላል። ኩራቱ ያ ነበር።

ከጊዜ በኋላ ከመንገዱ ማዶ ግድግዳው መስታወት የሆነ አዲስ ጌም ቤት ተከፈተ። የመርዕድ ደንበኞች አንድ በአንድ መንገዱን ይሻገሩ ጀመር። በዚያው ሰሞን ማሽን አስመጪው ነጋዴ አቶ ከፍያለው መጣና አጠገቡ ተቀመጠ።

"ዘንድሮ ትርኢቱ እኛው ከተማ ነው" አለ። "የማንን ማሽን እንደማመጣ አንተ ንገረኝ። የጠራኸው ሰውን ካስደነቀ ቤትህን በአዲስ ማሽን እሞላዋለሁ።"

"ካላስደነቀስ?"

"ያስደነቀውን አመጣና ከመንገዱ ማዶ አስገባዋለሁ።"

መርዕድ ገባው። አዲሱ ማሽን ማዶ ከገባ የጋሽ ባዩ ቤት ይዘጋል። ጥቂት አሰበ።

"ነበልባል" አለ።

"ጎጆስ?"

"እነሱ መጨረሻ ናቸው።"

ይህን ጊዜ ከደንበኞቹ አንዱ፣ የሚኒባስ ረዳቱ ቡሽራ፣ ከማሽኑ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ጣልቃ ገባ። "ኧረ ጎጆዎች አሮጌ ጆይስቲክ በአዲሱ ማሽናችን ይሠራል እያሉ ነው አሉ። አንካሳውን ውሰድላቸው። እሱን ካዳኑ እኔም ወገቤን እንዲያዩልኝ እሄዳለሁ።"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። መርዕድም ፈገግ አለ። በትርኢቱ ቀን ግን አንካሳውን ከሚስማሩ አውርዶ በፌስታል ያዘ። ጎጆዎችን በሰው ፊት ማሳፈር ፈልጎ ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መጀመሪያ ነበልባል ቀረበ። መብራቱ ጠፋ፣ ጭሱ ተለቀቀ፣ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ ማሽኑ ከጣሪያ ላይ እየተሽከረከረ ሲወርድ ሰው አፉን ከፍቶ ቀረ። ነጋዴው መርዕድን በክርኑ ነካ አደረገው። "አፍህ ይባረክ" አለው። ቀጥሎ አድማስ መጣ። እሱም ግድግዳ የሚያህል ስክሪን ዘርግቶ ተጨበጨበለት።

ጎጆዎች መጨረሻ ላይ ወጡ። ይዘው የቀረቡት አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ወለላ የምትባል አንዲት የጥገና ባለሙያ ነው። "እቤታችሁ ያለውን አትጣሉ" አለች ወለላ። "ይዛችሁ ከሆነ አምጡትና እንሞክረው።" አንዱ ከኋላ አፏጨ። ሌላው አዛጋ።

"መርዕድ፣ ምን ትጠብቃለህ? ታማሚህን አቅርብ እንጂ" አለ ቡሽራ ጮክ ብሎ።

መርዕድ ወጣ። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ምን ሆኖ ነው ጋሼ?" አለችው።

"ወደ ግራ ይስባል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካወቅኩት ጀምሮ።"

ሰካችው። ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ወጣች። ወለላ እጇን ከጆይስቲኩ ላይ አነሳች። ነጥቧ መሀል ላይ ቆመች። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልሄደችም።

"አይስብም" አለች።

"ይስባል።"

"እስቲ እርስዎ ይያዙት።"

ያዘው። ነጥቧ ባለችበት ናት። ገፍቶ ለቀቃት፣ ተመልሳ መሀል ገባች። ደግሞ ገፍቶ ለቀቀ። ያው ነው።

ወለላ ፕላስተሩን ዙር በዙር ፈታችው። ከስሩ የወጣው ስንጥቅ የሌለበት፣ ጭረት ያልነካው እቃ ነው። ብሎኑን ፈትታ ውስጡን በባትሪ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ተመለከተችው።

"ጋሼ፣ ይኼ እኮ አልተበላሸም። ተበላሽቶም አያውቅም። ሞላው በየጊዜው ሲለወጥ፣ ውስጡ ሲጸዳ ነው የኖረው። እንዲህ የተያዘ አሮጌ እቃ አይቼ አላውቅም። ፕላስተሩ ታዲያ ለምንድን ነው?"

መርዕድ ያን የዝናብ ቀን እያየ ነበር። በደህናው ጆይስቲክ የሚጣሉትን ሰዎች አየ። ሁልጊዜ ነፃ ሆኖ፣ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጠብቀውን አንዱን አየ። ጋሽ ባዩ ጠዋት ቤቱን ሳይከፍቱ በፊት ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጎንበስ ብለው አዲስ ፕላስተር ሲጠቀልሉ አየ። የታመመ እቃ የሚያስታምሙ ይመስለው ነበር።

"ሰው እንዳይወስድብኝ ነው" አለ።

የወለላ ማይክሮፎን አጠገቡ ስለነበር አዳራሹ በሙሉ ሰማው። "ማን? ምኑን?" አሉ ከፊት ያሉት። መርዕድ በሕይወቱ ብዙ ሰው ፊት ቆሞ ተናግሮ አያውቅም፤ የዚያን ቀን ግን በአጭሩ ተናገረ። ስለ ጆንያው፣ ስለ ዝናቡ፣ ለተበላሸ እቃ ስለማያስከፍሉት ሰው ነገራቸው። ሲጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ከዚያ አንዲት ሴት ተነስታ ወደ በሩ ሄደች፤ "ወንድሜ የተወልኝ አሮጌ ጆይስቲክ አለ፣ ላምጣው" ስትል ተሰማች። ትርኢቱ እስኪያበቃ ድረስ ሰው አሮጌ እቃውን በፌስታል እየያዘ የተሰለፈው ከጎጆ ጠረጴዛ ፊት ነበር። ነበልባሎች ጭሳቸውን ደግመው ቢለቁም ዞሮ ያያቸው አልነበረም።

ነጋዴው መርዕድን በር ላይ አገኘው።

"ነበልባል አሸንፎ ነበር" አለው። "ትንቢትህን ያፈረስከው አንተው ነህ።"

"እኔው ነኝ።"

"ዕድሜህን ሙሉ በእጅህ የያዝከውን ሳታውቅ፣ እኔ በአንተ አፍ እቃ ላዝዝ ነበር እኮ።"

"ልክ ነዎት አቶ ከፍያለው" አለ መርዕድ። ከልቡ ነበር። ነጋዴው እንደ ቃሉ የጎጆን ማሽን አዘዘ፤ ከመንገዱ ማዶም አስገባው።

መርዕድ ጋሽ ባዩ ቤት ሄደ። ሽማግሌው አጥሩ ስር ፀሐይ እየሞቁ ነበር። የቤቱን ቁልፍና ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ጋሽ ባዩ ቁልፉን ተዉትና ጆይስቲኩን ዳሰሱት።

"ማን ፈታው?"

"ጎጆዎች።"

"ብሎኑን በደንብ አጥብቀውታል?"

"አጥብቀውታል። ጋሽ ባዩ፣ ለምን አልነገሩኝም?"

"ምን ብዬ? ከቤቱ የተሻለውን ላንተ አስቀምጬልሃለሁ፣ በነፃ ተጫወትበት ልበልህ? እንዲያ ብልህ ትመጣ ነበር?"

መርዕድ አሰበ። ያን ጎረምሳ በደንብ ያውቀዋል።

"አልመጣም ነበር።"

"እንግዲያስ።"

"በአንካሳው አሸነፍኩ እያልኩ ስፎክር ኖርኩ እኮ።"

"ሰምቻለሁ። እንዴት እንደምስቅብህ አታውቅም" አሉ ጋሽ ባዩ። "ደግሞ ማሸነፉን ያሸነፍከው አንተ ነህ። እኔ እቃ ነው ያቀበልኩህ።"

"ቤቱ ግን መዘጋቱ ነው። ማሽኑ ማዶ ገባ።"

ሽማግሌው ቁልፉን አንስተው መልሰው በእጁ ላይ አስቀመጡት። "ግማሹን ለፀጉር አስተካካይ አከራየው። ተራ የሚጠብቅ ሰው እጁ ሥራ ይፈልጋል።"

መርዕድ ሊሄድ ተነሳና ቆመ።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ባዩ።"

"ለምኑ?"

"ለዝናቡ ቀን።"

"ኧረ በሩን ዘግተህብኝ ነው" አሉ ጋሽ ባዩ፤ ፊታቸውን ግን ወደ አጥሩ አዞሩ።

ጌም ቤቱ አልተዘጋም፤ ጠበበ እንጂ። ግማሹ ፀጉር ቤት ሆነ። ሰው አንገቱ ላይ ፎጣ እንደጣለ ተራው እስኪደርስ ይጫወታል፤ አንዳንዱም ተራው ደርሶ አልነሳም ይላል። ማነው ዘንድሮ የሚያስደንቀው ብለው ሲጠይቁት መርዕድ "እኔ እንጃ፣ አብረን እናያለን" ይላል። ካሉት ጆይስቲኮች ሁሉ የተሻለውን መርጦ በጥቁር ፕላስተር ጠቀለለውና ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። አንድ ቀን ጫማው ሲሚንቶ የጠጣ የቀን ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ሲያይ አገኘው።

"ግባ" አለው መርዕድ። "በሩን ዘጋኸው እኮ።"

ብዙዎቻችን የሚያስደንቀንን ነገር መብራትና ጭስ ባለበት እንፈልጋለን። ሕይወታችንን ደግፎ ያቆመው ግን ብዙ ጊዜ ማንም እንዳይሻማብን፣ እኛም እንዳናፍር ተብሎ ተሸፍኖ የተሰጠን ነገር ነው። የሰጠን ሰው ስሙን አልጻፈበትም። ምስጋናም አልጠበቀም። የደረሰን የተበላሸው ድርሻ እየመሰለን፣ ምርጡን ይዘን አደግን።

እስቲ ወደ ኋላ ተመልሰን እናስብ። "አንካሳ ነው" እያልን ያደግንበት ነገር የቱ ነው? ፕላስተሩን የጠቀለለልንስ ማን ነው? በሕይወት ካለ ዛሬውኑ እንሂድለት። ከሌለም በራችን ላይ የቆመ ሰው አይጠፋምና፣ ግባ እንበለው።