የክብር እንግዳው መቀመጫ

የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ምንዳርአለው ወላጆችን ሰበሰቡና፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ምርቃት ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሳይሆን አዲሱ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ እንደሚደረግ አስታወቁ። አዳራሹ ጠባብ ስለሆነ ወላጅ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል ተባለ።

«የምትደግፉ እጅ አውጡ!» ሲሉ እጁ ሁሉ ወጣ። ኃላፊን ፊት ለፊት ማን ይቃወማል! ጉሊት ላይ ቃሪያ የምትሸጥ አንዲት እናት ብቻ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

ኃላፊው አይተዋት ቱግ አሉ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ደህና ወንበር እንኳ የለም! የክብር እንግዳው ደግሞ እኔ ነኝ። እስቲ ንገሪኝ፣ እኔን የት ልታስቀምጪኝ ነው?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«እርስዎ በየዓመቱ ምርቃት ላይ ‹ዴስክ ይገባል› እያሉ ሲያስጨበጭቡን፣ ልጄ ክፍል ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ተምራ ጨረሰች። እሷ ስለምትወጣ ድንጋዩ ተለቋል፤ እዚያ ይቀመጡ ጌታዬ። ልጄ ትምህርቱ የገባት እሱ ላይ ቁጭ ብላ ነው። እርስዎም እስኪገባዎት ድረስ እንዳይነሡ።»