እስከ ድልድዩ የሚሸኙት መፍቻ ሻጭ

አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ገበያ በወጣሁ ቁጥር አንዲት ነገር ሳይነግረኝ አይለቀኝም ነበር። «ዕቃ ስትገዛ አትቸኩል። አንተ ስትቸኩል ሻጩንም ወንጀል ውስጥ ትከተዋለህ» ይለኛል። በልጅነቴ ነገሩ አይገባኝም። ቸኩዬ ብገዛ የምጎዳው እኔ፤ ሻጩ ምን አገባው? እያልኩ በልቤ እስቅ ነበር። የገባኝ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በአንዲት የብስክሌት መፍቻ ምክንያት ነው።

እኔ የሃይማኖት ኪታብ የቀራሁ ሰው አይደለሁም። ቁርኣንም ቢሆን ከመጨረሻው ጁዝእ፣ ከሠላሳኛው ክፍል፣ አላለፍኩም። ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው። ከዚህ የተረፈውን ዓሊሞቹ ይጨምሩበት።

ሰውየው ሀጂ እንድሪስ ይባላሉ። የሚኖሩት በአንዲት አሮጌ ከተማ ነበር፤ ስሟን መጥራት አያስፈልግም። ከላይ መስጂዱ፣ ከመስጂዱ ሥር ገበያው፣ ከገበያው ሥር ደግሞ ወንዙና የድንጋይ ድልድዩ። ሀጂ ከመስጂዱ አጥር ሥር ሸራ ዘርግተው የብስክሌት መሣሪያ ይሸጣሉ። መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ጎማ ማውለቂያ፣ መንፊያ፣ የሰንሰለት ዘይት። ከዚያ ሌላ ዕቃ የላቸውም።

እኒህ ሰው አንድ ልማድ ነበራቸው። ዕቃ የገዛቸውን ሰው ሁሉ፣ ሀብታም ይሁን ድሃ፣ አንድ መፍቻ ይግዛ አሥር፣ እስከ ድልድዩ ይሸኙታል። ሸራውን ጫማ ለሚሸጠው ለጎረቤታቸው ለጀውሀር አደራ ብለው ከገዥው ጋር እያወጉ ቁልቁል ይወርዳሉ። ከዚያ ዳገቱን ቀስ ብለው ይመለሳሉ። የከተማው ሰው ነገሩን የአደብ ጉዳይ አድርጎ ነበር የሚያየው። «ሚስታቸው ከሞተችባቸው ወዲህ ወሬ ጠምቷቸው ነው» የሚልም ነበር።

እኔ ወደ እሳቸው የሄድኩት ተቸግሬ ነው። ባለቤቴ ሽክሪያ ሁለቱም እግሮቿ ከታመሙ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ሰኞና ሐሙስ በብስክሌቴ ኋላ አስቀምጬ ወደ ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ፤ እዚያ እግሯን እያሹ ያላውሱላታል። ባለሙያዋ «ካቋረጠች ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ እኛም አንችልም» ብላኛለች። ታዲያ በአንዱ ሐሙስ ቁልቁለቱ ላይ የኋላው ጎማ ዳዶ ላልቶ ኖሮ፣ ጎማው ወደ ጎን ሸሸና ሁለታችንም ወደቅን። ክንዷ ተላጠ። እቤት ስንገባ እንዲህ አለችኝ፦

«ስማኝ አንተ ሰውዬ። መሞቴ ካልቀረ አልጋዬ ላይ ልሙት። ከእንግዲህ በዚያች ብስክሌት አልሄድም።»

«አሠራታለሁ።»

«ባለፈው ወርም አሠርተሃታል።»

እውነቷን ነው። ብስክሌት የሚጠግነው ሰው ያለው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ነው፤ እሱ ያጠበቀው ደግሞ ሳምንት አይቆይም። ስለዚህ መሣሪያ ገዝቼ፣ በየጠዋቱ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ራሴ እያየሁ ላጠብቅ ወሰንኩ። ሽክሪያን ለመጪው ሰኞ በስንት ልመና እሺ አሰኘኋት። «አንድ ጊዜ ብቻ። ከወደቅኩ አበቃ» አለችኝ።

ቅዳሜ ብስክሌቴን እየገፋሁ ከሀጂ እንድሪስ ሸራ ደረስኩ። ዓይኔ ወዲያው ያረፈው አንድ ሳጥን ላይ ነው። ሃያ መፍቻ በተርታ ተደርድሮ እንደ መስታወት ያበራል። ጎረቤቴ እንዲህ ያለ ሳጥን ስላለው እኔም ከሱ አላንስም አልኩ መሰለኝ።

«ይህንን ይስጡኝ ሀጂ።»

ሀጂ ሳጥኑን ሳይሆን ብስክሌቴን አዩ። «ልጄ፣ ለዚች ብስክሌት ከሃያው የሚሠሩላት አራቱ ናቸው። የቀሩት ቤትህ ተቀምጠው ይዝጋሉ። አራት ደህና መፍቻ ለይቼ ልስጥህ?» አሉኝና አንድ ጥቁር፣ መልከ ጥፉ መፍቻ አነሱ። ከድንጋይ ጋር ሲያጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። «ይሄ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። አፉን እየው፤ ሁለቱ ከንፈሮቹ እኩል ናቸው።»

«ሳጥኑ ይሻለኛል።»

«ሳጥኑ የመጣልኝ በዚህ ሳምንት ነው። አልፈተንኩትም። ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ይህንን ሰምተህ ግዛ።»

«ሰምቻለሁ» አልኩ። አልሰማሁም። ከፈልኩና ሳጥኑን ከብስክሌቱ ኋላ አሰርኩት። ሀጂ ብድግ ብለው ጫማቸውን ፈለጉ። ያን ጊዜ ጀውሀር ከጫማው ክምር ጀርባ ጮኸ፦

«ሀጂ ደግሞ ተነሱ! ዕቃ ሸጠው ነው ወይስ ልጅ ድረው?»

«አንተ ጫማህን ሽጥ።»

«የእርስዎን ሸራ እየጠበቅኩ እንዴት ልሽጥ?»

ቁልቁል ወረድን። እኔ እቸኩላለሁ፤ እሳቸው ቀስ ይላሉ። ብስክሌቱን ማን እንደሚነዳው፣ ምን እንደምጭንበት፣ መንገዱ ምን እንደሚመስል ይጠይቁኛል። በአጭር በአጭሩ እመልሳለሁ። የሽክሪያን ነገር ስነግራቸው ግን ቆም አሉ።

«የኋላው ዳዶ ነው የላላው?»

«አዎ።»

«በል ሳጥንህን ፍታና እዚሁ አጥብቀው።»

«እዚህ? መንገድ መሀል?»

«እዚህ።»

«ሀጂ፣ እቤቴ ደርሼ አጠብቀዋለሁ። ሰው እያየን ነው።»

«ይየን። ምን እየሠራን ነው የምናፍረው?»

ሽማግሌ ናቸውና እምቢ ማለት አልቻልኩም። እያጉረመረምኩ ሳጥኑን ከፈትኩ። አሥራ አምስት ቁጥሩን አወጣሁና ዳዶው ላይ አግብቼ ጫን አልኩት። ያዘ። ሀጂ «ጨምር» አሉኝ። በክብደቴ ስጫነው የመፍቻው አፍ እንደ ሊጥ ተከፈተ። ተንሸራተተና የእጄ አንጓዎች ከሰንሰለቱ ጋር ተጋጭተው ተላጡ። ዳዶውን ስናየው አንዱ ጠርዙ ተበልቷል።

ሀጂ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መፍቻውን ከእጄ ተቀብለው አፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።  ከዚያ «በዚህ ሚስትህን ጭነህ ቁልቁለት ልትወርድ ነበር» አሉ። «እኔ ሸጬልህ።»

«እርስዎማ ነግረውኛል። እኔ ነኝ የቸኮልኩት።»

«መንገርማ ነገርኩህ። ካልፈተንኩት ግን ለምን ሸራ ላይ አወጣሁት?»

አብረን ዳገቱን ተመለስን። ሀጂ ሳጥኑን ተቀበሉኝ፤ ገንዘቤንም መለሱልኝ። ያንን ጥቁር መፍቻ፣ ሦስት ጓደኞቹንና ሁለት ጎማ ማውለቂያ መርጠው ሸጡልኝ። አንድ አዲስ ዳዶ ደግሞ ከገበያው በራሳቸው ገንዘብ ገዝተው አምጥተው «ይሄ የእኔ ጥፋት ነው» ብለው ሰጡኝ። ጥቁሩ መፍቻ የተበላውን ዳዶ ነቅሎ አዲሱን አጠበቀ፤ ንቅንቅ አላለም።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ደግ ሰው ናቸው ብዬ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ግን አላበቃም። ሀጂ የቀሩትን ሳጥኖች ከሸራው ላይ አንስተው ቆጠሩ። ወደ ጀውሀር ዞሩ።

«ሁለት ጎድሏል።»

«ትናንት እርስዎ አሞዎት ሲተኙ ሸጥኳቸው እንጂ። ውለታዬ ነው» አለ ጀውሀር እየሳቀ።

«ለማን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሁለት ሰዎች ናቸው። ገዙ፣ ሄዱ።»

«ሸኘሃቸው?»

የጀውሀር ሳቅ ጠፋ።  ሀጂ ለዉዱእ ታጥበው ወደ ዐስር፣ ወደ ከሰዓት በኋላው ሰላት፣ ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ኢማሙ አሰላምተው ሰላቱን እንደጨረሱ ሀጂ ቀድመው ወጡ፤ መስጂድ ውስጥ የንግድ ወሬ አይወራም ብለው ነው። ከበሩ ውጭ፣ ሰው ጫማውን ከሚያደርግበት ቦታ፣ አንዱን ሳጥን ከፍ አድርገው ይዘው ቆሙ። ጀውሀር ደርሶ ክንዳቸውን ያዘ።

«ሀጂ፣ በአላህ ይተዉት። ሳጥኑን ዝም ብለው ይጣሉት። ሠላሳ ዓመት የገነቡትን ስም በአንድ ዐስር ያፈርሱታል?»

«ጀውሀር፣ ሁለት ሰዎች ሊወድቁ ነው። ከእነሱ ጀርባ ማን እንደተቀመጠ አናውቅም።»

ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ያ የደከመ ድምፅ እንዲህ ይጮኻል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

«ወንድሞቼ! ይህንን ሳጥን ከእኔ ሸራ ላይ የገዛችሁ ሁለት ሰዎች አላችሁ። መጥፎ ዕቃ ነው። ሳልፈትን ያወጣሁት እኔ እንድሪስ ነኝ። መልሱልኝ። ያሉበትን የምታውቁም ንገሩልኝ።»

አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። አንዱ ነጋዴ «ሀጂም እንዲህ ይሸጣሉ ለካ!» ብሎ አላገጠ፤ አብረውት ያሉት ሳቁ። ሀጂ ሰሙት። «አዎ፣ ሸጫለሁ» አሉት። ከገዥዎቹ አንዱ እዚያው ነበርና ሳጥኑን ሊያመጣ ሄደ። ሁለተኛው አልተገኘም። በኋላ እንደሰማሁት ሀጂ በየገበያው ቀን ከዐስር በኋላ እዚያው በር ላይ እየቆሙ ያንኑ ቃል ደግመዋል። በአራተኛው ወር ሁለተኛው ሳጥን ተመለሰ ይባላል።

በዚያ ቅዳሜ ከመለያየታችን በፊት ደግሞ ሸኙኝ። በመንገድ ላይ ደፍሬ ጠየቅኳቸው። «ሀጂ፣ ሰውን ሁሉ እስከ ድልድዩ የሚያደርሱት ለምንድን ነው?»

ሳይቸኩሉ መለሱልኝ። ነቢያችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም፣ ሻጭና ገዥ እስካልተለያዩ ድረስ ምርጫው በእጃቸው ነው ብለው አስተምረዋል፤ እውነቱን ከተናገሩ ለሁለቱም በረካ አለው። «ታዲያ ሰው ችኩል ነው» አሉኝ። «ሸራዬ ላይ ብለየው ምርጫው በአንድ እርምጃ ያልቅበታል። እኔም ሽማግሌ ነኝ፤ ብዙ ነገር እረሳለሁ። ስንሄድ እሱም ያስባል፣ እኔም የረሳሁትን ጉድለት አስታውሳለሁ። መለያየቱን ያራቅኩት ለሁለታችን ብዬ ነው።»

ድልድዩ ላይ ቆምን። እጄን ጨበጡኝና እንዲህ አሉ፦ «ገንዘብህን ስቀበል አልሸጥኩም ልጄ። ቤትህ ገብተህ ዕቃዬን በእጅህ ስትይዝ ካልረገምከኝ፣ ያን ጊዜ ሸጥኩ።»

ሰኞ ሽክሪያን ጭኜ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ወገቤን ጨብጣ አስተግፊሩላህ ስትል ይሰማኛል። ጤና ጣቢያው በር ላይ ስደርስ «ዛሬስ አልጣልከኝም» አለችኝ። ሐሙስም ሄድን። ዛሬ በምርኩዝ ትሄዳለች፤ አልሃምዱሊላህ።

እኔ ብዙ ጊዜ ነገሩን አስበዋለሁ። አማና፣ አደራ፣ ማለት የተሰጠህን ዕቃ መመለስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሀጂ ግን የሸጡትም ዕቃ አማና ሆኖባቸው ነበር ከገዥው ጋር እስከ ድልድዩ የሚሄዱት። የአባቴም ቃል ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ በችኮላዬ ሚስቴን ብጥል ወንጀሉን ከሀጂ ጋር ልካፈለው ነበር፤ ያዳነን የሁለት መቶ እርምጃ መንገድ ነው። ሰው ሲያላግጥባቸው «አዎ፣ ሸጫለሁ» ያሉትን ደግሞ በየሰላቴ አስታውሰዋለሁ። ለዚያች አጭር ቃል የሚሆን ሰብር፣ ትዕግሥት፣ እኔ የለኝም። አላህ ይስጠን።

ሀጂ ወደ አኺራ ከሄዱ ሰባት ዓመት ሆናቸው። ባለፈው ረመዷን ዋዜማ መንፊያዬ ተበላሽቶ ወደዚያች ከተማ ሄድኩ። በአጥሩ ሥር የማላውቀው ጎልማሳ ሸራ ዘርግቶ ተቀምጧል። ስሙንም አልጠየቅኩትም፤ ሽክሪያ እየጠበቀችኝ ነበርና እንደ ልማዴ ቸኮልኩ። መንፊያውን አንስቼ ከፍዬ በብብቴ ሸጎጥኩትና ቁልቁል ጀመርኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ የጫማ ድምፅ ሰማሁ። ጎልማሳው ደርሶኝ አጠገቤ መራመድ ጀመረ። ዞር ብዬ ሳየው መንፊያውን በአገጩ እያመለከተኝ እንዲህ አለኝ፦

«ይፈትሹት አባባ። ድልድዩ ገና ነው።»