በላተኛው ቴፕና ለፍላፊው ስልክ

ጠጋ ጠጋ በሉ። «ተረት ተረት» ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ፤ በረት አይቶ የማያውቅ ካለ «የስልክ ሱቅ» ይበል፣ እኔ አልቆጣም። ተረት ተረት! ... እንዲህ ነው እንጂ።

ድሮ ድሮ፣ በጣም ድሮ እንኳ ሳይሆን፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ዳር በምትገኝ ከተማ የሺመቤት የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። በየሺመቤት ቤት አንድ ቴፕ፣ አንድ ስልክና አንዲት ድመት ይኖሩ ነበር። ቴፑ ሽማግሌ ነው፤ ባለ ሁለት ስፒከር፣ ከላይ ዳንቴል የለበሰ፣ አንድ ቁልፉ የወለቀ። ስልኩ ወጣት ነው፤ ቀጭን፣ አንጸባራቂ፣ ራሱን የሚወድ። ድመቷ ዕድሜዋን ለማንም አትናገርም።

ቴፑና ስልኩ ጠዋት ይጣላሉ፣ ቀን ይጣላሉ፣ ማታ ይጣላሉ።

«ከአንተና ከእኔ ማን ይበልጣል?» ይላል ስልኩ።

«እኔ ነኛ!» ይላል ቴፑ።

«እኔ ሺህ ዘፈን እይዛለሁ። አንተ ስንት ትይዛለህ?»

«አንድ ካሴት። በአንዱ ፊት አምስት፣ ሲገለበጥ አምስት።»

«እኔ ስጣራ ባሕር ማዶ ይሰማል። አንተ ስትጣራ የት ድረስ ይሰማል?»

«እስከ ቦኖው ድረስ» ይላል ቴፑ በኩራት።

«እኔ ፎቶ አነሣለሁ፣ መብራት አበራለሁ፣ መንገድ አሳያለሁ። አንተስ?»

ቴፑ አሰበ፣ አሰበና፣ «እኔ ስዘፍን ጎረቤት ይመጣ ነበር» አለ።

እውነቱን ነው። በዚያ ጊዜ አዲስ ካሴት ወጣ ከተባለ የሰፈሩ ኮረዳ ሁሉ ደብተሯን ይዛ እዚያ ቤት ትሰበሰባለች። ቴፑን ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ግጥሙን ይገለብጣሉ። ቴፑ እምቢ ያለ እንደሆነ አናቱን ጠፍ ሲያደርጉት ይነሣል። መብራት የጠፋ እንደሆነ የባትሪ ድንጋይ ይገዛለታል፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ያ እምቢ ሲል ደግሞ በጥርስ ነከስ ነከስ ይደረጋል። ለአንድ ዘፈን ያን ያህል ይደከም ነበር። ናፈቀኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

ስልኩ ግን ነገር ያውቃል። የት ጋ እንደሚያም ያውቃል።

«አንተ ካሴት ትበላለህ» አለው። «ሦስት ካሴት በልተሃል። አንዱን የዘፈን፣ አንዱን የመዝሙር፣ አንዱን ደግሞ የሰው፣ የውሰት!»

«ርቦኝ ነው» አለ ቴፑ። «አርጅቼ ሆዴን መቻል አቅቶኝ ነው። አንተስ አፍህን ትችላለህ? ሰው ሲጸልይ ትጮሃለህ፣ ሰው ሲያለቅስ ትጮሃለህ፣ ሰው ሲተኛ ትጮሃለህ!»

«ቆራሌ ይውሰድህ!»

«ውሃ ይግባብህ!»

ድመቷ አንድ ዓይኗን ከፈተች። «ሁለታችሁም አረፍ በሉ። ማን እንደሚበልጥ ሥራ ሲመጣ ይታያል» አለችና መልሳ ተኛች።

ሥራም መጣ።

የየሺመቤት ታናሽ እህት ማስረሻ እሑድ ልትዳር ነው። አባታቸው ሾፌር መንገሻ የኤንትሬ ጭነት መኪና ነጂ ነበር። መጻፍ ስለማይችል ደብዳቤውን በካሴት ይቀዳና ወደ ከተማዋ ለሚመለስ ሾፌር ሰጥቶ ይልካል። የመጨረሻዋን ካሴት የላከ ጊዜ ማስረሻ ገና በእናቷ ሆድ ነበረች። ካሴቷ ደረሰች፤ እሱ ግን ከዚያ መንገድ አልተመለሰም። እናትየዋ ካሴቷን ከትንሿ የሺመቤት ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ሰምታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችባት። እስክትሞት ድረስ አልከፈተቻትም። ማስረሻ የአባቷን ድምፅ አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሺመቤት ሣጥኑን ከፈተች። «እህቴ ያለ አባቷ ምርቃት ከዚህ ቤት አትወጣም» አለች። ቴፑን ድንኳን ውስጥ አቁማ እንዳታስጮኸው አላመነችውም፤ በሰው ፊት ካሴቷን ቢበላትስ? ስለዚህ ቴፑ እንዲናገር፣ ስልኩ እንዲቀዳ፣ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

እማማ ካሴት ከጨርቋ ወጥታ ሁለቱንም አየቻቸው።

«ልጆቼ፣ ክሬ ሳስቷል» አለች። «ሦስት ጊዜ እዞርላችኋለሁ፤ አራተኛ የለኝም። አንተ እንዳትበላኝ። አንተ እንዳትለፈልፍብኝ።»

«እሺ እማማ» አሉ ሁለቱም። እሺ ማለት ምን ገዶ!

ቴፑ ዞረ። መጀመሪያ የሞተር ድምፅ መጣ። ቀጥሎ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «ቤቶች፣ እንደምን ናችሁ?» ሲል ስልኩ አላስቻለውም። «ቲንግ!» አለ። ትንሽ ቆይቶ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ዕድለኛ ነዎት!» አለ። ይባስ ብሎ ቀሚስ ያሰፋች ደንበኛ ደወለችና ቅጂው እዚያው ተቋረጠ።

«ምን ነካህ አንተ ልጅ?» አለው ቴፑ።

«ምላሴን አሳከከኝ።»

«አንድ» አለች እማማ ካሴት።

ዓርብ እንደገና ጀመሩ። ስልኩ እንደ ምንም አፉን ያዘ። ሾፌር መንገሻ ሰላምታውን ጨረሰ። «እንግዲህ የሺዬ፣ የእኔ ትልቅ ሰው...» ማለት ሲጀምር ግን የቴፑ ሆድ ጮኸ። ክሩ በአፉ ላይ ያልፋል፤ ቡናማ ነው፣ ለስላሳ ነው። «ትንሽ ብቻ ልቅመስ፤ ማን ያውቃል?» አለ በልቡ። ቀመሰ። የቀመሰ ደግሞ መቼ ያቆማል! የሾፌር መንገሻ ድምፅ ተጎተተ፣ ወፈረ፣ ጠፋ።

የሺመቤት እሪ አለች። ክዳኑን ከፍታ ክሩን ከቴፑ ጥርስ መሐል ቀስ እያለች መዘዘችው። የተኮማተረውን በመቀስ ቆረጠች፤ ጫፍና ጫፉን በጥፍር ቀለም አጣበቀች፤ እርሳስ አስገብታ እያሾረች ጠቀለለችው። የጠፋው ሁለት ክንድ ያህል ቢሆን ነው። በዚያ ሁለት ክንድ ላይ የነበረው ግን የራሷ የየሺመቤት ምርቃት ነበር።

የተቆረጠውን ክር መዳፏ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ድመቷ መጥታ እግሯ ላይ ተሻሸች።

«ግዴለም» አለቻት የሺመቤት። «እኔ በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ። እናቴም እኔም አሜን ብለናል፤ የእኔ ደርሶኛል። የእሷ ብቻ ይትረፍልኝ።» ይህን ብላ አለቀሰች።

«ሁለት» አለች እማማ ካሴት።

ቴፑ በዕድሜው እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ስልኩ ስድብ አዘጋጅቶ ነበር፤ ቀና ብሎ ሲያየው ግን አሳዘነውና ተወው።

«ጋሼ ቴፕ» አለው፤ ጋሼ ሲለው የመጀመሪያው ነው። «ነገ እንዴት እናድርግ?»

«አንተ አፍህን ቻል፣ እኔ ሆዴን እችላለሁ።»

«ባይቻልህስ?»

«ክሩን የምበላው መዞሩ ሲደክመኝ፣ ላላ ስል ነው። ነገ አልላላም፤ ወጥሬ እዞራለሁ። ሆዴ ውስጥ ያለው ማዞሪያ ላስቲክ አርጅቷል፣ ተሰነጣጥቋል። ለአንድ ዙር ግን ይበቃል።»

«ከአንድ ዙር በኋላስ?»

«አንድ ዙር ነው የተባልነው» አለ ቴፑ።

ቅዳሜ ደጁ በሠርግ ሥራ ሲተራመስ የሺመቤት ቤቱን ዘግታ የቴፑን ቁልፍ ተጫነች። ቴፑ ዞረ። ሆዱ ጮኸ፤ ቻለው። ስልኩ ላይ የድንኳኑ ባለቤት ደወለ፤ ዋጠው። የሙሽራው ወንድም ደወለ፤ ዋጠው። «ቲንግ» ከንፈሩ ላይ ደረሰች፤ እሷንም ዋጣት። ካሴቷ ሰላምታውን አለፈች፤ የተቀጠለውን ቦታ ጠቅ አድርጋ አለፈች። ከዚያ ድምፁ መጣ።

«አሁን ደግሞ ለዚያ በሆድ ላለው። ወንድ ሁን ሴት ሁኚ አላውቅም፤ ስምም ገና አላወጣሁልህም። አባትህ መንገድ ላይ ነኝ። የመንገደኛ ምርቃት ይደርሳል ይላሉ። የወጣህበት ደጅ አይዘጋ፤ የገባህበት ቤት ይሙላ። ለዳገቱ ጉልበት፣ ለቁልቁለቱ ፍሬን ይስጥህ። ሴትም ብትሆኚ ያው ነው፣ መንገዱ አንድ ነው። በሉ አሜን በሉ!»

ከዚያ ሾፌር መንገሻ ዝም አለ። ያኔ በካሴት የሚመርቅ ሰው እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ ቤት ያሉት አሜን የሚሉበትን ጊዜ ትቶላቸው ይጠብቃል። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሰውየው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ እየጠበቀ ነው።

የሺመቤት «አሜን» ልትል አፏን ከፈተችና በሁለት እጇ ያዘችው። ቦታው የማስረሻ ነው። ስልኩ፣ ያ ዝምታ ባየ ቁጥር መናገር የሚያምረው፣ እሱም ቻለ። ቴፑ ላስቲኩ ሲሳሳ ተሰማው፤ ጥርሱን ነክሶ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ።

«እሰይ፣ ሰማኋችሁ» አለ ሾፌር መንገሻ።

ወዲያው ከቴፑ ሆድ ውስጥ «ጧ!» አለ። ካሴቷ ቆመች። በዚህኛው ዙር ከክሯ አንዲት ስንዝር አልጎደለም።

«ሦስት» አለች እማማ ካሴት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

እሑድ ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል የሺመቤት ስልኩን ከትልቁ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘችው። ድንኳኑ ውስጥ የሞተር ድምፅ ተነሣ። እንግዶቹ «የማን መኪና ነው?» እያሉ ወደ ደጅ ዞሩ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ማስረሻ ቬሏን ገለጠች። «የሺ፣ ማነው?»

«አባዬ ነው።»

ማስረሻ ቆማ ሰማችው። ስለ ዳገቱና ስለ ቁልቁለቱ ሲል ትንሽ ሳቀች። «በሉ አሜን በሉ!» አለና ዝም አለ።

ማስረሻ ከሁሉ ቀድማ «አሜን!» አለች። ከዚያ ሽማግሌው፣ ሚዜው፣ ወጥ የሚያማስሉት ሴቶች፣ ድንኳኑ በሙሉ «አሜን!» አለ።

«እሰይ፣ ሰማኋችሁ» አለ ሾፌር መንገሻ።

እኔም እዚያ ነበርኩ። ያላለቀሰ ሰው አላየሁም፤ ለነገሩ ዓይኔም በደንብ አያይም ነበር።

ሠርገኛው ሲሄድ የሺመቤት ስልኩን ወደ ቤት መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አሁን ያሳከከውን ምላስ ማን ይያዘው!

«ጋሼ! አሜን አሉ! ሁሉም አሉ! ልክ እሱ ዝም ሲል፣ ልክ ቦታው ላይ! እሱም ሰማኋችሁ አላቸው!»

ቴፑ ዝም አለ።

«ጋሼ ቴፕ! ሙሽራዋ ናት ቀድማ ያለችው!»

ዝም።

«ጋሼ!»

ሦስት ጊዜ ተጣራ፤ ሦስት ጊዜም የመለሰለት የለም። ድመቷ መጥታ በሁለቱ መሐል ተቀመጠች። ማን ይበልጣል የሚለውን ነገር ስልኩ ከዚያ ወዲህ አንሥቶት አያውቅም።

ተረቴ አለቀ፣ አፌም ደረቀ፤ ውሃ ያለው ያቀብለኝ። ከውሃው በፊት ግን ይህቺን ያዙልኝ፦ ሆዱን የቻለ አደራ ያደርሳል፤ አፉን የቻለ አደራ ይቀበላል።