ወተቱን የት ልትወስደው ነው?

አንድ ሕፃን ተወልዶ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ስሙ ኢዩኤል ነበር።

አባቱ ወጣት ግንበኛ ነው። እናቱ በኦፕራሲዮን ስለወለደች ከሆስፒታል አልጋዋ መነሳት አትችልም። ሕፃኑ ያለ ቀኑ ስለመጣ በሌላ ሕንፃ፣ ማሞቂያ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ነበር። እናትየው የጡቷን ወተት በትንሽ ኩባያ እያለበች ትሰጣለች። አባትየው ኩባያውን በመዳፉ ሸፍኖ ግቢውን አቋርጦ ይወስዳል። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

አንድ ማለዳ ወተቱን ይዞ ሲደርስ ልጁን ስትንከባከብ የነበረችው ነርስ ወንበር ሰጥታ አስቀመጠችውና ልጁ መሞቱን ነገረችው።

ዘመድ ተጠራ። የሚስቱ አክስትና የእሱ አጎት መጥተው ግቢው ውስጥ ቆመው መከሩ። አራስ ናት፣ ቁስሏም አልደረቀም፣ ደንግጣ ትሞትብናለች አሉ። ወንዶቹ ከሰዓት ልጁን ይቅበሩ፤ እሷ ቤቷ ገብታ ስትጠነክር መርዶው በወጉ ይነገራታል። እስከዚያ ደህና ነው፣ እየጠባ ነው ይባል። ወተቱንም መቀበሉን አታቋርጥ፣ ትጠረጥራለች አሉት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ይወዷታል።

እኩለ ቀን ላይ ሚስቱ ኩባያውን ሞልታ ሰጠችው።

“መንገድ ላይ እንዳትጠጣበት ደግሞ” አለችው እየሣቀች።

ወጣና ኮሪደሩ ላይ ቆመ። የሚሄድበት አልነበረውም። ያችው የልጁ ነርስ እናትየውን ልትጠይቅ ስትመጣ እዚያው እንደቆመ አገኘችው።

“ወተቱን የት ልትወስደው ነው?”

“አይነገራት አሉኝ፣ ሲስተር። ትሞትብናለች ብለው ነው።”

ነርሷ ዘመዶቹን አልነቀፈችም። እንዲህ አለችው፦ “አንድ ቀን ማወቋ አይቀርም። ያን ቀን የዛሬውን ወተት ትጠይቅሃለች። ልጄን ሳላየው ለምን ቀበራችሁት ትልሃለች። ምን ትመልስላታለህ?”

እሱም እንዴት ብዬ ልንገራት ሲል ጠየቃት።

“አጠገቧ ተቀመጥ። ስሙን ጥራ። ደከመ፣ ባሰበት አትበል፤ ሞተ በላት። ከዚያ ዝም በል። እኔ አብሬህ ነኝ።”

አስቀድማ ግን ወደ አክስትየው ሄደች። የሚፈሩትን ሁሉ ተናግረው እስኪጨርሱ ሰማቻቸው። ከዚያም ፍርሃታቸው ልክ መሆኑን፣ ስለዚህም ጀርባዋን ደግፎ የሚይዝላት እንደሚያስፈልግ፣ ከእሳቸው የሚሻል እንደሌለ ነገረቻቸው። አክስትየው ነጠላቸውን አስተካክለው ተከተሏት።

ግንበኛው እንደተባለው ተናገረ። ሚስቱ ጮኸች፣ ቁስሏን ይዛ አለቀሰች፤ አክስቷ ደግፈው ያዟት። የሚቸኩል፣ በቃ የሚል አልነበረም። መናገር ስትችል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

“ብቻውን ነበር?”

ባልየው አያውቅም ነበር። ነርሷ አጎንብሳ ዓይን ዓይኗን እያየች መለሰችላት።

“አልነበረም። ክንዴ ላይ ነበር። ስሙን እየጠራሁት ነበር።”

ከዚያም ሕፃኑን ጠቅልላ አመጣችላት። እናቱ አቀፈችው። ግንባሩን ሳመች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አየች፣ አፍንጫው የአባቱ ነው አለች። ከዚያ በኋላ ነው ለወንዶቹ የሰጠቻቸው።

ይህች ነርስ ሕፃኑን ማዳን አልቻለችም። ባልና ሚስቱን ግን በመካከላቸው ሊገባ ከነበረ ውሸት አዳነቻቸው። መርፌና ኪኒን መስጠት በትምህርት ቤት ይለመዳል። የፈራን ሰው መስማት፣ ከባድ ቃል በቀስታ መናገር፣ ተናግሮም ጥሎ አለመሄድ እንደዚያው ሕክምና ነው። ቃሏን የሰማ ሐዘንተኛ ዕድሜ ልኩን ሲያመሰግናት ይኖራል። እኛስ ከምንወደው ሰው እውነቱን የምንደብቀው ለእሱ አዝነን ነው ወይስ አጠገቡ መቀመጥ ከብዶን?

ግንበኛው ከሰዓት ልጁን ቀበረ። ማምሻውን ተመልሶ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመ። ነርሷ ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ ባርኔጣውን አውልቆ ስሟን ጠየቃት።