የትል እናት

በቀይ ባሕር ላይ ያለችን አንዲት ትንሽ ደሴት በዐረብኛ የሚጽፉ ሰዎች «ጀዚረት ኡም አድ-ዱድ» ይሏታል፤ መርከበኞች ደግሞ ስሟ አፋቸው ውስጥ እንዳይቆይ ይመስል «ኡምዱድ» ብለው ይተፉታል። ትርጉሙ ያው ነው፤ የትል እናት።

ድሮ ግን፣ ሽማግሎች እንደሚሉት፣ በመካከሏ ስላለችው ብቸኛ የሚጠጣ ውሃ ምንጭ «አል-ዐይን»፣ ማለት ምንጩ፣ ትባል ነበር። ኋላ ሰርሓን የሚባል ናኹዳ፣ ማለት የጀልባ አለቃ፣ ሉል ፍለጋ መጣ። ሌባ እናት ልጇን አታምንም እንዲሉ፣ ባሕር ጠልቀው ዛጎል የሚያወጡለት ሰዎች ሉል ይሰርቁኛል ብሎ ዛጎሉን በቢላዋ መክፈት ከለከለ፤ ተቆልሎ ይበስብስ፣ ሥጋው ሲቀልጥ ሉሉ ራሱ ይወጣል አለ። ብስባሹን ለማጠብ እንዲመቸውም ቁልሉን ምንጩ አፋፍ ላይ አስከመረ።

ሐሩሩ ሦስት ቀን አልፈጀበትም ይባላል። ሥጋው አረንጓዴ ዝቃጭ ሆነ፤ ትሉ እየተንፏቀቀ ወደ ምንጩ ወረደ። ኤጭ! ሲያወሩት እንኳ ያቅለሸልሻል፤ እነዚያ ሰዎች ግን በሻሽ እያጠለሉ ይጠጡት ነበር፤ ሌላ ውሃ የለማ!

ነፊሳ የምትባል የጠላቂ ሚስት የበኩር ልጇን በተቅማጥ ቀበረች፤ ታናሺቱን ሰዕዲያንም ያው ሕመም ያዛት። ናኹዳው ዘንድ ሄዳ «ስለ አላህ ብለው ይህን ግማት ያንሱልን» ብትለው፣ አፍንጫውን ሽቶ በነከረው ጨርቅ እንደያዘ «ሉሉን የሚገዙት ነጋዴዎች እስኪመጡ ታገሡ» አላት። እሱ የሚጠጣው ከማዶ በእንስራ የሚመጣለትን ነበር። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ማለት ይህ ነው።

ገዢዎቹም ከጅዳ መጡ። ናኹዳው በደብዳቤው «ጀዚረት አል-ሉእሉእ»፣ የሉል ደሴት፣ ብሎ አሳምሮላቸው ነበርና ተሽቀዳድመው ወረዱ። ለእንግዳ ውሃ ማቅረብ የሴቶቹ ወግ ስለሆነ፣ ነፊሳ ሳታጠልል ቀድታ ለትልቁ ነጋዴ ሰጠችው። ነጋዴው ጣሳው ውስጥ ነጭ ነገር ሲላወስ አየ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ልጆቻችን የሚጠጡት ነው፣ ሲዲ፣ ጌታዬ። ቢስሚላህ ይበሉና ይጠጡ።»

ነጋዴው እያስመለሰ ወደ ጀልባው ሮጠ። «ከዚህ ውስጥ የወጣ ሉል ሚስቴ አንገት ላይ አላስርም!» አለ። መርከበኞቹም «ኡም ዱድ! ኡም ዱድ!» እያሉ ሸራ ዘረጉ፤ ስሙ ከእነሱ ቀድሞ ጅዳ ገባ ይባላል። ገዢ ያጣው ናኹዳ ቁልሉን ጥሎ ጠፋ። ሴቶቹ እያስታወካቸው በእጃቸው ዝቀው ባሕር ጨመሩት፤ ምንጩንም እስኪጠራ ሰባት ቀን ጨለፉት። ሰዕዲያ ተረፈች።

ከዚያ ወዲህ በደሴቲቱ ለእንግዳ ውሃ የሚያቀርብ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይጎነጫል። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሹም መጥቶ፣ ስማችሁ አስጸያፊ ነውና ልለውጥላችሁ ቢል፣ ያረጀችው ነፊሳ ከጣሳው ተጎንጭታ አቀበለችውና «ስሙ ይግማ፤ ውሃው ይጥራ» አለችው ይባላል። እስከ ዛሬም ስሙን የነካ የለም።