ለክላይንባህ ባንዲራ የሚሆን አውሬ

በጀርመን አገር ክላይንባህ የምትባል አንዲት ሚጢጢ መንደር ነበረች። በዚያ ዘመን ባንዲራው ላይ አውሬ ያልተሳለበት መንደር ከመንደር አይቆጠርም ነበርና፣ ክላይንባሆች ንስር ይፈቀድልን ብለው ወደ ገዢያቸው ወደ ባላባት ኩንራድ ሰው ላኩ። የላኩት አንድ ቢራ ጠማቂ ነው፤ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ምላሱ ደግሞ ሆዱን የሚቀድም ሰው።

ባላባቱ አንበሳ ከተጠለፈበት ባንዲራው ሥር ተቀምጦ፣ መኳንንቱ ፊት ከት ብሎ ሳቀ።

«ንስር? አምና ጠላት ሲመጣ ጫማችሁን እንኳ ሳታጠልቁ የፈረጠጣችሁት እናንተ አይደላችሁም? በል፣ የሚመጥናችሁን አውሬ አንተው ራስህ ንገረኝ። ከዋሸህ ግን ባንዲራ የሚባል አታዩም!»

ጠማቂው ቁልቁል አጫጭር እግሮቹን አየ። ንስር ቢል ውሸታም ሊባል ነው፤ ጥንቸል ቢል መንደሩ እስከ ልጅ ልጅ መሳቂያ ሊሆን ነው።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፤ ፈርጥጠናል። እኔማ በርሜሌን እንኳ ሳልከድን ነው የወጣሁት። እንግዲያው ቀንድ አውጣ ይሳልልን።»

«ምነው፣ ጥንቸል አነሰቻችሁ?» አለ ባላባቱ፣ ሳቁ እያፈነው።

«ኧረ በዛችብን ጌታዬ! ጥንቸልማ ፈጣን ናት። እኛ ያን ቀን ነፍሳችን እስክትወጣ ብንሮጥ፣ ከፊታችን ይበር የነበረውን ይህን የእርስዎን ባለአንበሳ ባንዲራ መድረስ አቅቶን ቀረን።»