በመስኮት የወረደው ሁለተኛ ገመድ

አንድ ሰው ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የሰው ገንዘብ አይነካም፣ ሰው አያማም፣ ጸሎት ቤት ከመሄድም አይቦዝንም። እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ሰው ነው። ስሙን ምንተስኖት እንበለው።

ምንተስኖት አዳማ ውስጥ የሕንፃ ዕቃ በሚያስመጣ አንድ ድርጅት የሽያጭ ክፍል ኃላፊ ነበር። ከእሱ በታች ባለው ፎቅ ደግሞ የሂሳብ ክፍል ኃላፊው ልሳነወርቅ ይሠራል። ሁለቱ በአንድ ቀን የተቀጠሩ፣ ምሳ አብረው የሚበሉ ጓደኛሞች ናቸው። ይህን ልብ በሉ። ሰው በማያውቀው ሰው አይቀናም። አንድ ባለጠጋ በሌላ ከተማ ባለ አሥር ፎቅ ቢሠራ ማናችን እንቅልፍ እናጣለን? አብሮ አደጋችን ቤቱ ላይ አንድ ክፍል ሲቀጥል ግን... ተውት፣ ታውቁታላችሁ።

የዚያ ድርጅት ኮምፒውተሮች ሁሉ በገመድ የተያያዙ ነበሩ። ገመዶቹ የሚገናኙት ሀብ በምትባል አሮጌ ሣጥን ላይ ነው። ሀብ ምሥጢር አታውቅም። አንዱ ለአንዱ የላከውን ለሁሉም ታዳርሳለች፤ ሁሉም ይቀበልና "የእኔ አይደለም" ብሎ ይጥለዋል። ሠራተኛው ሲበዛ መጨናነቅ ሆነ። አንድ ደረሰኝ እስኪታተም ደንበኛው ቆሞ ይተክዛል።

ድርጅቱ ስዊች የሚባል ዕቃ ገዛ። ስዊች ማን በየትኛው ቀዳዳ እንደተሰካ ይማራል። ለእገሌ የመጣውን ለእገሌ ብቻ ይሰጣል፤ ሌላው በእሱ ምክንያት ወረፋ አይጠብቅም። ለጊዜው የተገዛው ግን አንድ ብቻ ነበር። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ አስካለ "ከሂሳብ ክፍል እንጀምር፤ ቀጥሎ ሽያጭ" አሉ። አዲሱ ታች ተተከለ፣ አሮጌዋ ላይ ቀረች፣ ሁለቱን አንድ ገመድ አገናኛቸው።

ያን ቀን ምንተስኖት ሆድ ውስጥ አንድ ጥያቄ ገባ። "ለምን እሱ?"

ከእሱ የተወሰደበት ነገር አለ? የለም። ሥራው ዘገየበት? ኧረ እንዲያውም! የሂሳብ ሠራተኞች ከአሮጌዋ ሣጥን ስለወረዱለት የእሱም ኮምፒውተር ፈጠን ብሎ ነበር። አላየውም። ቅናት የያዘው ሰው የራሱን ምን ጊዜ አግኝቶ ያያል! ዓይኑ ታች ነው።

ታች ሲስቁ ሲሰማ "በእኔ ነው" ይላል። ልሳነወርቅ "ምሳ አንሄድም እንዴ?" ሲለው፣ "እናንተ ሂዱ፤ እኛ እንደ እናንተ አልተመቸንም" ይለዋል። ሰውዬው ግራ ተጋብቶ ብቻውን ይሄዳል። ምንተስኖትም ብቻውን ይቀራል።

የኮምፒውተር ባለሙያዋን አስጠራት። ፍሬሰላም ትባላለች፤ ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ያለች ልጅ ናት።

"የእኛስ መቼ ነው?"

"ቀጣዩ የእናንተ ነው፣ ጋሼ። ትእዛዙ ወጥቷል።"

"እነሱ ከእኛ በምን ይበልጣሉ?"

"ኧረ በምንም! ከአንድ ቦታ መጀመር ስላለበት ነው እንጂ።"

ይህ መልስ ለጤነኛ ሰው ይበቃል። ለቀናተኛ ሰው ግን የሚበቃ መልስ አልተፈጠረም። ምንተስኖት አሰበ። "ወደ ስዊቹ አንድ ገመድ አለኝ። ሁለት ቢኖረኝ እጥፍ አገኛለሁ፤ ያኔ እበልጠዋለሁ።" ልብ አላችሁ? እኩል እሆናለሁ አላለም።

ዓርብ ዕለት ሁሉም ለምሳ ሲወጣ ከዕቃ ክፍል አንድ ረጅም ገመድ አነሣ። አንዱን ጫፍ አሮጌዋ ሣጥን ላይ ሰካ። ሌላውን በመስኮት ለቀቀው፤ ወርዶ ተቀበለና ከልሳነወርቅ ወንበር ጀርባ ስዊቹ ላይ ሰካው። የስዊቹ መብራቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይርገበገቡ ጀመር። "እሰይ!" አለ ምንተስኖት፤ "እንዲህ ነው እንጂ መሮጥ!"

ትስቃላችሁ? ሳቁ፣ ሳቁ። እኛም ስንት ጊዜ መቃጠላችን በረከት መስሎን አመስግነናል።

ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ኮምፒውተሮች አንዳንዴ "እገሌ፣ የት ነህ?" ብለው ለሁሉም ይጣራሉ። እንዲህ ያለውን ጥሪ ስዊቹም ቢሆን በየቀዳዳው ያሳልፈዋል። አሁን ጥሪው በአንዱ ገመድ ወጣ፤ በሁለተኛው ተመለሰ፤ ደግሞ ወጣ፤ ደግሞ ተመለሰ። የሚያቆመው የለም። ሌላ ጥሪ ተጨመረበት፤ እሱም ይዞር ጀመር። ወዲያው ገመዱ ሁሉ በጥሪ ተሞላና ቁም ነገር የሚያልፍበት ቦታ ጠፋ።

የሰውዬውስ ልብ እንዴት ሰንብቶ ነበር? "ለምን እሱ? ለምን እሱ? ለምን እሱ?" ያው አይደለም?

ሰው ከምሳ ሲመለስ ምንም የሚሠራ ነገር የለም። መኪኖች ብረት ሊጭኑ መጋዘኑ በር ላይ ተሰልፈዋል፤ የመጫኛው ወረቀት አይወጣም፤ ገዢ ይጮኻል። ከሁሉ አስበልጦ የጮኸው ማን መሰላችሁ? ምንተስኖት! "ይሄ ምን ዓይነት አሠራር ነው!" ይላል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል።

ፍሬሰላም ከፎቅ ፎቅ ትሮጣለች። ገመዱ ሁሉ አንድ ቀለም ነው፤ ምልክት የለው። "እባካችሁ፣ ዛሬ አዲስ ገመድ የሰካ ሰው አለ?" ብላ ጠየቀች። ምንተስኖት ያን ጊዜ ገባው። ገባውና ዝም አለ።

ወርዶ ልሳነወርቅን አየው። ምንም ከማያሳየው ኮምፒውተሩ ፊት እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ታዲያ ምንተስኖትን ምን ተሰማው? ደስ አለው! የእሱም ሥራ ቆሟል፣ የድርጅቱም ቆሟል፤ የልሳነወርቅ ስለቆመ ግን ደስ አለው። አህያ "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል" ያለችው ይህን ነው። ወገኖቼ፣ እኔ ከቅናት ሁሉ የምፈራው ይህችን ደስታ ነው።

ወይዘሮ አስካለ መጡ። ተቆጥተዋል። "አዲሱን ዕቃ ያስገባሽው አንቺ ነሽ" አሏት ፍሬሰላምን፤ "ዛሬ ካልተስተካከለ ሰኞ እንዳትመጪ።" ልጅቷ ወደ ገመዶቹ ዞራ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች አንድ በአንድ መፈተሽ ጀመረች።

የምንተስኖት ደስታ እዚያው ደረቀ። ለሥራ አስኪያጇ መናገር አልከበደውም፤ ቢበዛ ይቀጡታል። የከበደው ልሳነወርቅ መኖሩ ነው። በማን ፊት? በእሱ ፊት! በእሱ ፊት ከማነስ ልጅቷ ብትባረር አይሻልም? ይህንን አሰበ። አዎ፣ ጸሎት ቤት የማይቀረው ሰው ይህንን አሰበ።

ከዚያ እግሩን እየጎተተ ወደ ልሳነወርቅ ወንበር ጀርባ አለፈ፤ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ነቀለ። መብራቶቹ ረጋ አሉ። ከላይ የማተሚያው ድምፅ ተሰማ።

"አንተ ነህ የሰካኸው?" አለ ልሳነወርቅ።

"እኔ ነኝ።"

"ምን በደልኩህ?"

"ምንም አልበደልከኝም። ቀንቼብህ ነው።"

ወይዘሮ አስካለ ወደ ፍሬሰላም ዞረው "ይቅርታ፣ ልጄ" አሉ። ልሳነወርቅ ተነሥቶ አቀፈው ብላችሁ ከጠበቃችሁ፣ አላቀፈውም። ተቀይሞ ሰነበተ። ምንተስኖትም ከደመወዙ ተቀጣ። ግን ያን ዕለት ማታ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ እንቅልፍ ወሰደው።

እናንተስ? በማን መስኮት ገመድ አውርዳችኋል? የማን ሥራ ሲቆም ነው ልባችሁ የሚሞቀው? በእናንተ ቅናት ምክንያት ያለ ጥፋቱ የሚወቀስ ሰው የለም? እግዚአብሔር ለእያንዳንዳችሁ የሚሰጠውን ያውቃል፤ የእናንተን ለሌላ አያሳልፍም። ይህን ሁላችሁም "አሜን" ትሉታላችሁ፤ ቀላል ነው። ከባዱ ሌላ ነው።

ከባዱ "ቀንቼብህ ነው" ማለት ነው። በሉት እስቲ። አያችሁ፣ አፋችሁ እምቢ አለ። ስሰርቅ ተያዝኩ የሚል አለ፤ ዋሸሁ የሚል አለ፤ ቀናሁ የሚል ግን አጣን። ጾማችሁበታል፣ አልቅሳችሁበታል፤ ለዚያ ሰው ግን አልነገራችሁትም።

ምናልባት ያ ሰው ዛሬ እዚሁ፣ ከጎናችሁ ተቀምጧል። እኔን አትዩ። ወደ እሱ ዙሩ።